የባኮ በቆሎ በጎጆ ማሳ

ጎጆ፣ ግንቦት 8 ቀን 2016

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ብርዱን አትጠይቀኝ፤ ቆላ ባኮ ተቀምጠህ የረሳኸው ብርድ ያው እንዳለ ነው። በአማርኛ የጻፍኩልህ ደብዳቤውን ይዘኸው ብትመጣ እንኳ አባባ እንዳያነበው ብዬ ነው። በኦሮምኛ ቢሆን እንደ መጽሐፍ ቅዱሱ ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ገና ስጀምር "ሥራ ላይ ነኝ" ትለኛለህ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአምናው ፋሲካ ልጀምር። ያን ጊዜ ግማሽ ኩንታል የበቆሎ ዘር አውቶብስ ላይ አስጭነህ መጣህ። "ደጋና ቆላ የሚባለው ድሮ ቀረ፤ ዓለም ሞቋል፣ ጎጆም ሞቃለች፤ ገብስ የድሃ እህል ነው" አልክ። ጋቢ ተከናንበህ፣ እጅህን ብብትህ ውስጥ ከተህ ነበር "ሞቋል" የምትለው! አባባ ግን አመነህ። ከአባቱ የተቀበለውን፣ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ የሚወስደውን ነጭ የዘር ገብስ ሳይቀር ለማዳበሪያ መግዣ ብሎ ሸጠው።

በቆሎው በቀለ፤ ኧረ እንዴት አድርጎ በቀለ! ነሐሴ ላይ ከአባባ ቁመት በልጦ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ሰው ሁሉ እየጠራ "ልጄ ያመጣው ነው" ይል ነበር። መስከረም አለቀ፤ ፍሬ የለም። ጥቅምት ላይ ገና ጸጉር ማውጣት ሲጀምር አንድ ማለዳ ተነሥተን ብናይ ውርጭ መትቶት፣ ማሳው በሙሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ጎመን መስሏል። አገዳውን በጎቹ በሉት። እኛ ይኸው እስከ ዛሬ በድንች አለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ?

ሰዎች ስለ ዘሩ ሲጠይቁት አባባ ምን አለ መሰለህ? "ከጊንጪ ገበያ ራሴ ገዝቼው ነው።" የሰሙት ሁሉ እውነቱን ያውቃሉ፤ አንድም ሰው አላረመውም። በዚያ ዕድሜው ላንተ ብሎ ዋሸ፤ አንተ ግን እንዴት ሆናችሁ ብለህ እንኳ አልደወልክም።

እኔ ባንተ ስናደድ ከረምኩ፤ አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ልንገርህ፤ አባባ ከመዝራቱ በፊት "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በየዓመቱ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች የአየር ጠባይ የማስተምር ሰው ነኝ። በቆሎው በዚህ ብርድ እንደሚዘገይ፣ ውርጭ እንደሚቀድመው አውቅ ነበር። "እሱ ካለ ልክ ነው" አልኩት። በመጣህ ቁጥር "ጠመኔ በይ አስተማሪ" እያልክ ስትስቅብኝ፣ አባባም አብሮህ ሲስቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስትሳሳት ይይህ ብዬ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ አባባ የሚበላው ያጣል ብዬ አላሰብኩም።

ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝም። "ወንድምሽስ ሳያውቅ ነው ያደረገው" አለ። ድንቹን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

አሁን ዝናቡ ጀምሯል፤ ማሳው ታርሶ ዘር ይጠብቃል። ጎረቤታችን ኦቦ ጃርሶ ድሮ ከእኛ የወሰደውን ገብስ ዛሬም ይዘራል፤ "መጥቶ ይውሰድ" ብሎ ለአባባ መልእክት ልኳል። እንደምታውቀው በእኛ ሰፈር ዘር ሊጠይቅ የሚሄድ አባት ከረጢቱን ራሱ አይዝም፤ ልጁ ይዞ ይከተለዋል። ትናንት ጠዋት ከረጢቱን ይዤ አባባ ደጅ ላይ ቆምኩ። "አባባ፣ እንሂድ" አልኩት። "ወንድምሽን እጠብቃለሁ" ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ስለዚህ ና። የገብስ መዝሪያ ሳያልፍ ድረስ።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልጆችህንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። መልስ ከጻፍክልኝ በትምህርት ቤቱ በኩል አድርገው። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ የማድረው የሥራ ባልደረባዬ ጂቱ ዘንድ ነው።

እህትህ