ወንዙን ያልተሻገሩበት እሑድ
የአቶ ዘመነ አስማረ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘመነ አስማረ ከአባታቸው ከአቶ አስማረ ቢያድግልኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት ታደለ በ1968 ዓ.ም. በእስቴ ወረዳ፣ በላይ ጋይንት ወሰን ላይ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አሁን ከቆምንበት ከደብሩ ደጃፍ ሆኖ ይታያል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው አቅራቢያ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይተው ተምረዋል። ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚያደርሱላቸው እናታቸው ነበሩ። በእንስሳት ጤና በዲፕሎማ ተመርቀው በ1990 ዓ.ም. በላይ ጋይንት ወረዳ ተመደቡ፤ እስኪታመሙም ድረስ በዚያው አገልግለዋል። ገበሬው “ዶክተር” ይላቸው ነበር። “ዶክተር አይደለሁም” ማለቱን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዉት።

በ1996 ዓ.ም. ከመምህርት ዕፀገነት አያሌው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሩታንና ጋሻውን አፍርተዋል። ኑሯቸውም በንፋስ መውጫ ከተማ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ለክትባት ሥራ በሞተር ሲጓዙ፣ ጭጋግ በሸፈነው ጥምዝ ላይ ከገበያ የሚመለሱትን አቶ ምስጋናው ውቤን ገጩ። ራሳቸው ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው፤ ሆኖም ሽማግሌው በዚያው ዕለት ዐረፉ። ይህ ነገር እዚህ ይጻፍ አይጻፍ ቤተሰቡ ተመካክሯል። አቶ ዘመነ ያጠፉትን ሕይወት አንድም ቀን ክደው ስለማያውቁ ተጽፏል።

በዚያው ዓመት ካህናትና ሽማግሌዎች ባሉበት ድንጋይ ተሸክመው በሟች ቤተሰብ ፊት ወደቁ፤ ይቅርታም ተደረገላቸው። እርቅ ከወረደ ነገሩ አለቀ ማለት በአገራችን የተለመደ ነው። እናታቸውና እስቴ ያለው ዘመድ ሁሉ የሰማው “ታረቀ” የሚለውን ብቻ ነበር። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ግን ገና ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ወሰነባቸው። ቅጣቱ ግን በገደብ ታግዶ በውጭ ሆነው ለሦስት ዓመት በጥብቅ ክትትል እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። በየሰኞው ለተቆጣጣሪ መቅረብ፣ ሞተር አለመንዳት፣ መጠጥ አለመቅመስ፣ ያለ ፈቃድ ከወረዳው አለመውጣት ግዴታቸው ነበር። አንዱን ቢያፈርሱ እስር ቤት ይገባሉ። ለዚህም ዋስ ተጠየቀ። ከችሎቱ መካከል ተነሥተው ዋስ የሆኑት የሟች የበኩር ልጅ አቶ ቢሆነኝ ምስጋናው ናቸው። ዳኛው ምክንያታቸውን ሲጠይቋቸው፣ “እሱን አስራችሁ የኔን በሬ ማን መርፌ ሊወጋልኝ ነው?” አሉ። በዚያ ቀን በችሎቱ የሳቀ ሰው የነበረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አቶ ዘመነ ቀበሌዎቹን በእግራቸው ያዳርሱ ጀመር። በሠርግ ላይ ውሃ ይዘው ሲቀመጡ “ዶክተር መነኮሰ” እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ የእናታቸው መርዶ ደረሰ። ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። ቢሮው ዝግ፣ የተቆጣጣሪው ስልክም ዝግ ነበር። አቶ ዘመነ ከባለቤታቸውና ከአቶ ቢሆነኝ ጋር የሁለቱ ወረዳዎች ወሰን እስከሆነው ወንዝ ድረስ ወረዱ። ወንዙ በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። አቶ ቢሆነኝ፣ “ሂድ ቅበራት እንጂ! ማን ያይሃል? ዋስህ እኔ አይደለሁ? የመጣው ይምጣብኝ” አሏቸው። አቶ ዘመነም፣ “አንተ ላይ እንዳይመጣ ነው የማልሄደው” ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የደብሩ ዛፎች ከማዶ ይታያሉ፤ የሚያለቅሱት ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን አይለይም። ባለቤታቸው ብቻቸውን ተሻግረው ቀበሩ።

በቀብሩ ላይ “እናቱ ስትቀበር ከብት ሊወጋ ቀረ?” ተብሏል። ማን እንዳለው ማንሣት አስፈላጊ አይደለም፤ ያለው ሰው አያውቅም ነበርና። አቶ ዘመነ ለአርባው ፈቃድ አግኝተው ሲመጡ ከሰላምታቸው የሸሸ ብዙ ነበር። በቤታቸው እውነቱን ለምን እንደማይናገሩ ሲጠየቁ፣ “እናቴ ታረቀ የሚለውን ይዛ ሄዳለች፤ በመቃብሯ ላይ ሰበብ አልደረድርም” ይሉ ነበር። በሕይወት ሳሉ እንዳይነገር አደራ ብለው ነበር። አደራው እስከ ትናንት ተጠብቋል።

በ2013 ዓ.ም. የክትትሉ ጊዜ ያለ አንድ ጉድለት ተፈጸመ። በዚያው ሳምንት ወደ እናታቸው መቃብር መጥተው፣ ማንም ቤት ሳይገቡ ተመልሰዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ቢታከሙም ሊድኑ አልቻሉም። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእናታቸው እግር ሥር እንዲቀበሩ።

አቶ ዘመነ የባለቤታቸውና የሁለት ልጆቻቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ የእህታቸው የወይዘሮ ዓለምጸሐይ አስማረ እና የመላው የእስቴ ዘመድ፣ እንዲሁም እንደ ወንድም የኖሩት የአቶ ቢሆነኝም ሐዘን ናቸው። ቃሬዛቸውን ከፊት የሚይዙት አቶ ቢሆነኝ እንዲሆኑ፣ አስከሬኑ አርፎ ፍትሐት ከሚደረስባቸው ምዕራፎችም አንዱ ያ የወንዝ ዳር ድንጋይ እንዲሆን ቤተሰቡ ካህናቱን ለምኖ እንዲሁ ተደርጓል። ከዚያ ተነሥተው ወንዙን ተሻግረዋል። ዛሬ የማንም ፈቃድ አላስፈለጋቸውም።

ካልቀበሯቸው እናታቸው ጋር በብርሃን ቦታ ያገናኛቸው። ነፍሳቸውን ከአቶ ምስጋናው ነፍስ ጋር በአንድ ዕረፍት ያኑርልን። አሜን።