በአውራ ጣቴ የመሰከርኩት

ጥቅምት 6
የሆስፒታሉ አንሶላ ዛሬ በሦስት መኪና መጣ። ማጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ ዋለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀና አላልንም። ከዚያ ኃላፊው ወረዱ። ሴቶቹ «አቶ ማኅተም» ነው የሚሏቸው፣ ማኅተሙን ከኪሳቸው ስለማይለዩት። የጓንት መረከቢያ ነው አሉኝ። የወረቀቱን አናት በመዳፋቸው ሸፍነው ቀለሙን አስጠጉልኝ። አውራ ጣቴን ሰጠሁ። እንደ ድሮው።
ጓንቱ ግን አልመጣም።

ጥቅምት 9
ጎረቤቴ ተባረረች። ልብስ ተኳሿ፣ ከግድግዳዬ ወዲያ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው። ባለፈው ወር መተኮሻው እጇን ሲልጠው አሳክሙኝ ብላ ነበር። አሁን አንሶላ ሰርቃለች ተባለ። ክፍሎቹ የድርጅቱ ናቸው፤ ከሥራ የወጣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከክፍሉም ይወጣል።
ከሥራ ስወጣ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።
«እትዬ፣ ያየ ምስክር አለ አሉኝ።»
«ማን ነው?»
«እርስዎ ነዎት አሉ።»
የጓንቱ ወረቀት...

ጥቅምት 10
ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው?
ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር። ቀጮ ከምንላት ጓደኛዬ ጋር በአንድ ገንዳ ነበር የምናጥበው። እኚሁ ሰውዬ ወረቀት አመጡ፣ አተምኩ። ያኔ ፊደል አልለይም። ግን ምን ይላል ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ባሌ ታሞ ተኝቷል፣ ክፍሉን እንዳላጣ ፈራሁ። አልጠየቅሁም። ቀጮ ሌባ ተብላ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ስትሄድ ከመስኮት አየኋት።
ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንሶላ ጫፍ ላይ ከተሰፋው ስም፣ ከባሌ አሮጌ ጋዜጣ። ለማንም አልተናገርኩም፤ «ያኔስ ለምን አተምሽ?» እንዳይሉኝ። ይኸው ማንበብ እየቻልኩ እንደገና አተምኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 14
ከጎረቤቴ ጋር ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደረጃው ላይ የሚቀመጥበት ቢሮ። ጠበቃዋ ገና ልጅ ናት። ስታዳምጥ እስክሪብቶ አትይዝም፤ ተናግረን ከጨረስን በኋላ ነው ከመጀመሪያው አስጀምራ የምትጽፈው። የምትይዘው የሥራና የቤት ክርክር ብቻ ነው።
«ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፣ እማማ። ሥራውን የነጠቀ ቤቱንም ይነጥቃል።»
ሁሉን ነገርኳት። ማንበቤንም፣ የቀጮንም።
«ታዲያ ማንበብ ከቻሉ ለምን አተሙ ይሉዎታል።»
«ይበሉኛ።»
«ይህን ችሎት ፊት ይደግሙታል?»
እደግመዋለሁ አልኩ።

ጥቅምት 21
እግድ ወጣ! ክርክሩ እስኪያልቅ ጎረቤቴን ከክፍሏ ንቅንቅ የሚያደርጋት የለም።
ድርጅቱ ያቀረበውን ምስክርነት ጠበቃዋ ሰጠችኝ። «እርስዎው ያንብቡት።» አነበብኩ። «...አንሶላ በዘንቢል ይዛ በኋላ በር ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ...»
«በየት?» አልኩ።
«በኋላ በር ነው የሚለው።»
«የኔ ልጅ፣ የኋላ በር የለንም። አዲሱ ቦይለር ሲገባ በብሎኬት ደፈኑት። ስምንት ዓመት ሆነው።»
ከወንበሯ ብድግ አለች። «በሩ የነበረውስ መቼ ነው?»
ተያየን። በቀጮ ጊዜ ነዋ።
«የእሷ ወረቀት ማን ዘንድ ይገኛል?»
ከራሷ በቀር ማን ዘንድ...

ጥቅምት 23
አልሄድኩም።

ጥቅምት 25
ሄድኩ። ቀጮ ከገበያው ጀርባ ልብስ ትጠግናለች። ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ሸብታለች።
«አልሞትሽም እንዴ?»
«አልሞትኩም።»
«እኔ ስንቴ ቀብሬሻለሁ መሰለሽ!»
የመጣሁበትን ነገርኳት። ከሳጥን ውስጥ ያኔ ሲያባርሯት የሰጧትን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።
«ማንበብ ችያለሁ ነው የምትይው?»
«አዎ።»
«እንግዲያው አንብቢልኝ። እኔ ምን እንደሚል አላውቅም። ለሰው ባሳየው ሌባ ይለኛል ብዬ ደብቄው ኖርኩ።»
አነበብኩላት። ከገዛ አሻራዬ በላይ ያለውን በሙሉ። ቃል በቃል ያው ነው! የተለወጠው ስሙና ቀኑ ብቻ። ዘንቢሉ እንኳ ያው ዘንቢል። ማንም አያነብም ብለው ገልብጠውታል።
«ይቅር በይኝ» አልኩ።
«እሱን በኋላ እናየዋለን። ወረቀቱን ውሰጂው። ችሎቱ ቀን ግን እኔም እመጣለሁ።»

ኅዳር 11
ችሎት። ጠበቃዋ ከኃላፊው ጀመረች። ጩኸት የለ፣ ቁጣ የለ።
«ወረቀቱን ማን ጻፈው?»
«እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት።»
«አየሁ ያለችው በየትኛው በር ነው?»
«በኋላ በር።»
«በሩ ዛሬ አለ?»
አቶ ማኅተም ወደ ጠበቃቸው ዞሩ። የእኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዳኛው ፊት አኖረች።
እኔ ተጠራሁ። ያንብቡ ተባልኩ። ሁለቱንም አነበብኩ። የኃላፊው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ጠበቃቸው ተነሣ። «ማንበብ ከቻሉ ለምን አተሙ?»
«የመጀመሪያውን በፍርሃት፣ የአሁኑን በልማድ። ያኔም ያላየሁትን ነው፣ አሁንም ያላየሁትን ነው። ሁለቱም አልሰረቁም።»
ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ኅዳር 26
ፈረዱልን! ጎረቤቴ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከክፍሏም አትነሣም። እጇንም ድርጅቱ ያሳክማል። ቀጮ ግን ሥራዋን አታገኝም፤ ጊዜው እንዳለፈ ጠበቃዋ አስቀድማ ነግራን ነበር። ሆኖም ዳኛው የድሮውም ምስክርነት ሐሰት ነው ብለው ጻፉ።
«ሥራውን ማን ፈለገው?» አለች ቀጮ። «ስሜን ነው።»

ኅዳር 27
በምሳ ሰዓት ጎረቤቴ ግቢው መሀል ቅርጫት ገልብጣ እላዩ ላይ አቆመችኝ። «ኑ! እትዬ ዝምታ ሊናገሩ ነው!» ሳቁብኝ። ቀጮም መጣች። ዘበኛው ሊከለክላት ሲል «ምን አስፈራህ? በኋላ በር እንዳልወጣብህ ነው?» አለችው። አስገባት።
ውሳኔውን አነበብኩ። ከላይ እስከ ታች፣ ሳልቸኩል። የአስተዳደሩ መስኮት ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ። የቀጮ ስም ያለበት መስመር ላይ ደረስኩ... «መስረቋን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም።»
«ድገሚው» አለች።
ደገምኩት።
«አሁንም።»
በሦስተኛው ሴቶቹ ሁሉ አብረውኝ አሉት።
ቀጮ እጇን ሰጥታ ከቅርጫቱ አወረደችኝ። ከወረድኩም በኋላ እጄን አልለቀቀችውም።