ሦስት ማንኪያ የሩዝ አጥሚት እና የጉሮሮው ጭምብል

ለቱምባክሳሪ ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር
ቱምባክሳሪ፣ ጃቫ
ቀን፦ ሰኔ 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ልጄ ሬትኖ ሐሙስ ሰኔ 20 ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሲሰጣት አሮጌው የጉሮሮ ጭምብል እንዳይገባላት ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤቴ ሙጂዮኖ በሆስፒታልዎ ለቡአ ቀዶ ሕክምና በገባበት ጠዋት ሦስት ማንኪያ የሩዝ አጥሚት አጉርሼዋለሁ። በባዶ ሆዱ ከቤት የወጣ ሰው ነፋስ ይገባበታል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ነርሷ፣ «ቡ፣ ባለቤትዎ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?» ስትለኝ፣ «ውሃም አልነካም» አልኳት። ደንዝዞ ተኝቶ ሳለ የሆዱ ፈሳሽ ሳንባው ገባ፤ በአራተኛው ቀን አረፈ።

ጥፋቴን በስሜ ይመዝግቡልኝ። የእናንተንም በስማችሁ መዝግቡ።

1. ባለቤቴ ኮምጣጣ ውሃ ጉሮሮው ድረስ እንደሚመጣበትና በሁለት ትራስ ተደግፎ እንደሚተኛ ለሐኪሙ በራሱ አፍ ተናግሯል። በመዝገቡ ሁለተኛ ገጽ ተጽፏል፤ ቅጂውን አያይዣለሁ።

2. እንዲህ ላለ ሰው ደንዝዞ ሳለ እንዲተነፍስበት የገባለት በመተንፈሻ ቧንቧው አፍ ላይ ብቻ የሚያርፍ ጭምብል ነው። የሆድ ፈሳሽ ሽቅብ ሲመጣ ወደ ውጭ የሚወጣበት መስመር የለውም። መስመር ያለው ዓይነት ያኔም ነበረ፤ ይበልጥ ለሚያሰጋ ሕመምተኛ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን የሚዘጋ ቱቦ አለ። ይህን የተማርኩት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ነው። አጥሚቱን ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ ጭምብሉን የመረጥኩት ግን እኔ አይደለሁም።

3. ሬትኖም እንደ አባቷ ኮምጣጣው ይመጣባታል። ባለፈው ማክሰኞ የማደንዘዣ ክፍሉን ኃላፊ ስጠይቅ ዛሬም ያንኑ ጭምብል እንደሚጠቀሙ ነገሩኝ። «ቡ፣ የአኩሪ አተር ቴምፔ ጠብሶ መሸጡን ትተው ሐኪም ሆኑ እንዴ?» አሉኝ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ፓክ ኃላፊ፣ የፈላ ዘይት ሽቅብ እንደሚረጭ ያወቅኩት ያለ ዲፕሎማ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ለሬትኖ ቱቦው እንዲገባላት፣ ይህም ከሐሙስ በፊት በማኅተም ተረጋግጦ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ካልተሰጠኝ የቤተሰብ ፈቃዱ ላይ አልፈርምም። «ባሏን ያጎረሰች ሴት ምን አፍ አላት» ተብሎ ደብዳቤው ቢመለስ ደግሜ አመጣዋለሁ።

ለቢሮዎ ከሚገባው አክብሮት ጋር፣

ፓርቲናህ፣ የሟች ሙጂዮኖ ባለቤት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለክፍለ ሀገሩ የጤና ቁጥጥር ቢሮ
ለልጄ ለሬትኖ፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ በእጄ እሰጣታለሁ