ሁለተኛው አፍንጫዬ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ናይሮቢ፣ ኢስሊ ገበያ፣ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ ዋልኩ። ማስኬን እንዳደረግሁ። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን አፍንጫዬን አጣሞት ከቀረ ወዲህ ያለ ማስክ ሱቅ ገብቼ አላውቅም... ነገ ሌላ ሐኪም ያስተካክለዋል። ኢንሻአላህ።
ታላቅ እህቴ ኩለሱም ልታስታምመኝ ከሞያሌ መጥታለች። ፊቷን አጥቁራ። "ደግሞ ተበላሽቶ ቢቀርስ?" እኔም የምፈራው እሱኑ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 6
ቤት ገባሁ። ዓይኖቼ አብጠዋል፣ የምተነፍሰው በአፌ። ሐኪሙ ከጆሮዬ ለስላሳ አጥንት ወስዶ ነው አፍንጫዬን የደገፈው። ኩለሱም ይህን ስትሰማ፣ "እንግዲህ በአፍንጫሽ ነዋ የምትሰሚው!" አታስቂኝ ብዬ ለመንኳት። ስፌቱ ይስባል!
የግቢው ዘበኛ ሲያየኝ ደነገጠ። "ፖሌ ሳና፣ አይዞሽ! ቦዳቦዳ ነው?" ኩለሱም ቀደመችኝ። "አዎ፣ ሞተር ገጭቷት ነው።" ምስኪን፣ ሞተረኞቹን ሲራገም ዋለ።

እሑድ፣ ሰኔ 8
ማጎንበስ ክልክል። ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። ኩለሱም አጠገቤ ሰግዳ ስትጨርስ ምንጣፉ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ከዚያ፣ "ላሚ፣ ያንቺና የኔ አፍንጫ እኮ አንድ ነበር። ያኔ ስታሠሪው እኔን አስቀያሚ ያልሽኝ ነው የመሰለኝ።"
ለካ ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ኦፕሬሽን ወዲህ ያኮረፈችኝ!
"አንቺ ላይማ ያምራል። እኔ ፊት ላይ ነው ያስጠላኝ" አልኳት። እውነቴን ነው። አየችኝ፣ አየችኝና፣ "እንዲህ አብጠሽ ማን ይቆጣሻል? በይ ሾርባሽን ጠጪ።"

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
የአፍንጫዬ ጀሶ ተነሳ! ያበጠ ድንች... ግን ቀጥ ያለ ድንች። በሁለቱም ቀዳዳ ተነፈስኩ! እብጠቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ዓመት ይፈጃል አለ ሐኪሙ። ይፍጅ! ኩለሱም መስታወቱን ከእጄ ቀምታ የራሷን አፍንጫ አየች። "የኔ ይሻላል።"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28
ሱቅ ከፈትኩ። ያለ ማስክ። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ሀቢብ ብቅ አለ።
"ላሚያ! የት ጠፋሽ? ወፈርሽ እንዴ?"
ሞተር ገጨኝ ልለው ቃጣኝ... ተውኩት። "አፍንጫዬን አሠርቼ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ።"
"የመጀመሪያው መቼ ነበር?"
"ሁለት ዓመቱ! ማስክ የማደርገው ለምን መሰለህ?"
"እኔማ... ይቺ ልጅ ጉንፋን አይለቃትም እንዴ እያልኩ..."
ሁለት ዓመት! ለካ ልብ ያለኝም የለም። ሳውዝ ሲ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ማታቱው ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።
ይየኝ።