ረግረጉን በቅርጫት ጨርሳችኋል ስለተባልነው ሴቶች

ለክቡር ሎኩሊ ኢሶምቤ
የቦሶንጎ ረግረግ ደንና ካርቦን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦሶንጎ፣ ኮንጎ

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ አዲሱ መኪናዎም ጭምር፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ በመተማመን ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛም ደህና ነን፤ ልጆቻችን ካሳቫ በጨው ብቻ ከመብላታቸው በቀር ሌላ ጉድለት የለብንም።

ቅርጫቶቻችንን ስለወረሱልን እናመሰግናለን። ያልገቡንን ጥቂት ነገሮች ግን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ በለጠፉት ትእዛዝ ከዛፎቹ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃ ደርቆ ያከማቸውን ካርቦን ወደ ሰማይ የለቀቀው፣ እኛ ሴቶች በበጋ ዓሣ ስንይዝ ውሃውን ቀድተን ስለጨረስነው መሆኑን አስታውቀዋል። ወንድ ወደዚያ ሥራ ድርሽ ስለማይል ሠራተኞችዎ እንዴት እንደምንሠራ አላዩም። ጅረቱን በጭቃ ገድበን፣ ውሃውን ጥቅጥቅ ተደርጎ በተሠራ ቅርጫት እየቀዳን ከግድቡ ወዲያ ደፍተን፣ አምባዛውን ከለቀምን በኋላ ግድቡን እናፈርሰዋለን። ውሃው እዚያው ረግረጉ ውስጥ ነው። ወይስ ቤታችን ደብቀነው ይሆን ብለው ጠርጥረዋል? በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ማማ ቦሉምቡ ትእዛዙ ሲነበብላቸው፣ "እናቴም አያቴም ሲቀዱት ኖረው ያላለቀ ውሃ ዛሬ በኔ ወገብ ነው እንዴ ያለቀው? ና ወገቤን እየውና ፍረድ በሉት!" ብለው ሳቁ። ቅርጫታቸውን ሲወስዱባቸው ግን አለቀሱ፤ እኔም ያን ቀን እጅግ ተናድጃለሁ።

ሁለተኛ፣ ለውጭ እንግዶችዎ ንግግር ሲያደርጉ ከኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። ምድር ስለሞቀች ዝናቡ እንደዘገየ፣ ትልልቆቹ ዛፎችም ሥራቸው ተራቁቶ እየወደቁ እንደሆነ አስረድተዋቸዋል። እውነት ነው፤ እኛም በዓይናችን እያየነው ነው። ታዲያ እንግዶቹ ጀልባቸው ላይ ሲሳፈሩ ጥፋቱ ከሰማይ ወርዶ እኛ ቅርጫት ውስጥ የሚገባው በምን መንገድ ነው?

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነውና ይቅር ይበሉኝ። መኪናዎን ጭቃ እንዳይዘው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያስቆፈሩት ቦይ፣ ዝናብ ባነሰበት በዚህ ዓመት የተረፈችውን ውሃ ሳያቋርጥ ወደ ወንዙ ይወስዳል። በዚያ በኩል ያሉት ዛፎች ከጫፋቸው ጀምረው እየደረቁ ነው። ቦዩ ግን እስካሁን አልተወረሰም።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ዝናቡ ሳይገባ ቅርጫቶቻችንን ይመልሱልን። ይህ ወቅት ካመለጠን ልጆቻችን እስከሚመጣው በጋ ዓሣ አይቀምሱም።

ለካርቦኑ የሚያስቡትን ያህል አንድ ቀን ለእኛም ያስቡልናል ብላ ተስፋ የማትቆርጠው፣ ውሃ በመጨረስ የተከሰሰችው ታዛዥዎ፣

ኤካላ ቦፌኮ
የቦሶንጎ ዓሣ አጥማጅ ሴቶች ተወካይ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት በቅርጫቶቹ ፋንታ መቅጃ የሚሆነንን ድስትና ሳህናችንን ይዘን ሁላችንም ወደ ረግረጉ እንወርዳለን። ሊያስሩን ሲመጡ በቦዩ በኩል ይምጡ፤ ቦት ጫማ አያስፈልግዎትም፣ እዚያ መሬቱ በነጠላ ጫማ ይኬዳል።