«ክልሉ ይወስን» ላልከው ለሰይድ

የኔው ሰይድ፣

እንደምን ሰነበትክ ልበልህ ወይስ ምን? ከተለየኸኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የሰፈራችን የቫይትቬት በረዶ ቀልጦ ያ የምትጠላው ጭቃ መጣ። አላህ ይዘንልህ። እኔ አለሁ፤ ባርነሃገው፣ መዋለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ የሰው ልጆች መጠበቄን ቀጥያለሁ። ባልደረቦችህ መጥተው የአውቶቡስ ሹፌርነት የደንብ ልብስህን ወስደዋል። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ ብትኖር እንደማትፈቅድ አውቃለሁ።

እንዲህ ዙሪያውን የምዞረው ዋናውን ነገር ፈርቼ ነው። ስለ ሐያት ልነግርህ ነው።

ልጃችን ከአሜሪካ ደውላ ማርገዟን በነገረችን ሳምንት ነው የሄድከው። መቼም ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ገና ከቀብር እንደተመለስን ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀምጠው፣ እስክትወልድ እንዳትሰማ ብለው ወሰኑ። ባሏ ጀማልም አፉ አያርፍም ተብሎ አልተነገረውም። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ተኝተሃል፣ ስልክህ ተሰብሯል። ሰላም ብሎሻል እላታለሁ። እሷም እሺ እማዬ ትለኛለች፣ ቶሎ።

ቶሎ ማመኗ ነው ያጠራጠረኝ። ከአባቷ ጋር ሳትከራከር ስልክ የማትዘጋ ልጅ እኮ ናት! አንዱ ወሬኛ ሹክ ብሏት ይሆናል አልኩ። ቀጥላ ካሜራዋን ማጥፋት ጀመረች። ከጀማል ጋር ተጣልተዋል አልኩ። ይባስ ብላ ደግሞ፣ ጓደኛዬን ልጠይቅ ሌላ ስቴት መጥቻለሁ አለችኝ። በየት አገር ነው ነፍሰ ጡር ቀኑን ሙሉ በመኪና ተንገላታ ጓደኛ የምትጠይቀው? ጀማልን በሆዴ ረገምኩት፣ ምስኪኑን።

ትዝ ይልሃል፣ የአሜሪካው ፍርድ ቤት የጽንስ ማቋረጥን ነገር ለየስቴቱ የተወው ጊዜ? ጋምለ ኦስሎ ሰፈር ሻይ ቤት ጠረጴዛ ስትደበድብ ውለህ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ለሐያት ደወልክ። ክልሉ ይወስን አልካት። ሩቅ ተቀምጦ፣ ሕዝቡን ሳያውቅ፣ ለሁሉም አንድ ሕግ የሚቆርጥ መንግሥት እኛን ምን እንዳደረገን ረሳሽው ወይ ብለህ ጮህክባት። እሷም አልተቻለችም፤ የሴት ሆድ ድንበር ሲሻገር ይለወጣል ወይ አለችህ። እኔ ሁለታችሁንም አላመንኩም። ሩቁ መንግሥት አያውቀኝም፤ ቅርቡ ደግሞ እንደ ጎረቤት ነው፣ ከመጠን በላይ ያውቀኛል። እዚህ ኖርዌይም ፓርላማው፣ ስቱርቲንጉ፣ ሕጉን አሻሽሎ፣ ኦስሎም ሰሜን ጫፍ ትሮምሶም ያለች ሴት እኩል እስከ አስራ ስምንተኛው ሳምንት ራሷ ትወስናለች ሲል፣ ባልደረቦቼ ሁሉ ደስ አላቸው። እኔ ግን በድምፅ ብልጫ የተሰጠ ነገር በድምፅ ብልጫ ይወሰዳል አልኩህ። አንቺማ ዝናቡንም ትጠረጥሪያለሽ ብለህ ሳቅክብኝ። ያ ሳቅህ እንዴት ናፈቀኝ መሰለህ።

በረዶው ሳይቀልጥ ነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተደወለ። ስከፍት ሐያት ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ዐይኔ ሆዷ ላይ አረፈ። ምንም የለም። እሷ በትከሻዬ አሻግራ እያየች አባዬ ብላ ጠራችህ፤ ሁለተኛም ጠራችህ። በሻሼ ፊቴን ሸፈንኩ። ለመርዶው ሽማግሌ አላስፈለገንም፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተያይዘን ወደቅን።

ልቅሷ በረድ ሲል ነገረችኝ። የሕፃኑ ጭንቅላት አልተሠራም ነበር፤ ቢወለድም አይኖርም ብላታለች ሐኪሟ። ግን ያሉበት ስቴት ማቋረጥን ከልክሏል። ሐኪሟ እሷን ከመርዳቷ በፊት ጠበቃ መጠየቅ ነበረባት፤ ጠበቃውም አይሆንም አለ። የስቴቱን ድንበር ተሻግረው፣ በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው ሐኪም እጅ ነው ጽንሱ የተቋረጠላት። አባዬ ቅርብ ያለው ያውቅሻል ይለኝ ነበር፤ ቅርብ ያለችው ሐኪሜ ግን ዐይኔን ማየት አቃታት አለችኝ። ወንድ ነበር ሰይድ።

ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ አባዬን ፈርቼ ነው፣ ፊት ለፊት ልነግረው ነው የመጣሁት አለች። አየህልኝ? የተቀበረ ሰው ፈርታ ነው ያን ሁሉ ከእናቷ ደብቃ የቻለችው። እኔ ደግሞ ሰላም ብሎሻል እያልኩ ፍርሃቷን ስቀልብ ከረምኩ። ተናድጃለሁ። በሽማግሌዎቹም፣ በዚያ ስቴትም፣ በአንተም፣ በራሴም ተናድጃለሁ።

ሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር ሰንብታ ተመለሰች፤ የጀማል ሥራ እዚያው ነው። ሌላ ልጅ ትፈልጋለች፤ እዚያ ሆና ማርገዝ ግን ፈርታለች። እኔም ወደማላምነው አገር ልጄን መልሼ ሸኘሁ። ከመሄዷ በፊት፣ አባዬ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አቅፎሽ ያለቅስ ነበር አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ይሄም እንደዚያ ሰላም ብሎሻል ትይኝ እንደነበረው ነው ወይ አለችኝ።

እውነቱን ንገሪኝ ካልከኝ፣ እኔም አላውቅም። ታቅፋት ነበር? ወይስ እንባዋ ሳይደርቅ ክርክርህን ትጀምር ነበር? ሰው የሞተበትን ደግ ደጉን ብቻ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፣ ከሳቅህም ከግትርነትህም ጋር። ከእንግዲህ በአንተ ስም ያላልከውን አልናገርም። ልጅህ ግን በደወለች ቁጥር ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ የሚመልስላት አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ደግሞ የለህም።

ባለቤትህ ዘሃራ