ያልጠቆረው ሙዝ

ኅዳር ፲፪፣ እሑድ ጠዋት
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

ጉንጬ፣ የኔ ልጅ፣

እንደ ሰዉ «እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባሽ» ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና እጄ እምቢ አለኝ። ጤናዬስ ደህና ነው። ጉልበቴ ተሽሎታል፣ የግፊቱን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ የበረንዳው ቧንቧም ተሠርቷል። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው። ፈርቻለሁ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ገና ስጀምር «እሺ አባዬ፣ እሺ፣ አሁን ልውጣ» ትይኝና ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይዘጋም። አጣጥፈሽ ብታስቀምጪውም መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ፣ አውቅሻለሁ።

በተራ በተራው ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት ስደውል ስልክሽን ያነሳችው አብራሽ የምትኖረው ልጅ ነበረች። «ተኝታለች። ጠዋት ስትወጣ ደረጃው ላይ አዞራትና ወደቀች፣ አሁን ግን ደህና ናት» አለችኝ። አትቆጪያት፣ ደብቂ ያላት ሰው የለም። ስትነቂ አንቺው ደወልሽና «ተንሸራትቼ ነው አባዬ፣ ደረጃው እርጥብ ነበር» አልሽኝ። እሺ አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አንዷ አዞራት ትላለች፣ አንዷ ተንሸራተትኩ ትላለች። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ እኔ ሳላየው ከግቢ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። ሹፌሩ «ፍሬኑ ደህና ነው» ብሎኝ ረዳቱ «ትንሽ ይስባል» ካለኝ፣ እኔ የማምነው ረዳቱን ነው።

ስለዚህ በየጠዋቱ የምትልኪልኝን የቁርስ ፎቶ አውጥቼ አንድ በአንድ አየሁ። ሥጋ ከተውሽ ወዲህ «ምን በላሽ፣ ምን ቀመስሽ» እያልኩ ስጨቀጭቅሽ፣ ፎቶ ልላክልህ ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለሹፌሮቹ ሁሉ ሳሳይ ነበር። ሰኞ አጃና ሙዝ። ማክሰኞ ዳቦና ሙዝ። ረቡዕ እርጎና ሙዝ። ሐሙስ ደግሞ እንደገና አጃ፣ በሰማያዊው ሳህን። ሳህኑ ይቀያየራል፣ ሙዙ ግን አንድ ነው። ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለችው፣ ባቄላ የምታህል። ሰኞም ባቄላ ታህላለች፣ ሐሙስም ባቄላ ታህላለች። ልጄ፣ ሙዝ እንዲህ ትዕግሥት የለውም። እስከ ሐሙስ ነብር መምሰል ነበረበት። የመስኮቱም ጥላ ጠረጴዛው ላይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ሁሉንም ደርድረሽ፣ ሁሉንም አንስተሽ፣ በየጠዋቱ አንድ አንድ እያልሽ ነው የምትልኪልኝ።

አልተቆጣሁም። ቁጣ በመጣልኝና በተገላገልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስለ አንቺ ክፉ ሊነግሩኝ ይመስለኛል። ትናንት አውቶቡስ ሥር ተኝቼ ስልኬ ሲጮህ የያዝኩት የብሎን ቁልፍ አምልጦኝ ግንባሬ ላይ አረፈ። (አትደንግጪ፣ እብጠቱ ጎድሏል።) የደወለው ሰውዬ ቁጥር ተሳስቶ ነው። «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ሲለኝ «ተባረክ» አልኩት። ምን ነካው ሳይለኝ አይቀርም።

ያ ጥድፊያ የምንለው ሹፌር ትዝ ይልሻል? ሻዩን ቆሞ የሚጠጣው። አንድ ሰሞን የዘይት መብራቱ እየበራ ቢያስቸግረው ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት። ጠዋት ስጠይቀው «ምንም መብራት የለም ጋሼ ፍሬን» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የሚታይ መብራት የለም። ሞተሩ ሰው እንደጫነ ዳገት መሃል ደርቆ ቀረ። ፎቶዎችሽን ሳይ የሚታየኝ ያ ፕላስተር ነው። ከሥሩ የሚበራው ምን እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ዝም ብዬ መጨነቅ ስለማልችልበት ምክንያቶቹን ደረደርኳቸው። አንደኛ፣ ኩሽናው። ከብዙ ሰው ጋር ትጋሪዋለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ሥጋ ይጠብሱበታል፣ «ሽታው ጉሮሮዬን ይዘጋዋል» ብለሽኝ ታውቂያለሽ። ሁለተኛ፣ ሰዓት። አንቺ ከድሮም ከእንቅልፍሽ ጋር ተጣልተሽ አታውቂም። ሦስተኛ፣ ሳቅ። ቅጠል በሊታ እያሉ ይስቁብሽ ይሆናል። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ አይደለሁ እንዴ? አራተኛውን ዘለልኩት።

ከዚያ የግቢያችንን ሻይ ቤት ሴትዮ አማከርኳት።

«ልጄ ሥጋ አትበላም። ጠዋት ምን ትብላ?» አልኳት።

«ላም ሥጋ ትበላለች እንዴ? ስትወድቅ አይተሃል?»

«ላም ደረጃ አትወጣም።»

«እንግዲያው ደረጃውን ትተው» አለችና ሳቀች። ሹፌሮቹም አብረው ሳቁ። ጥድፊያማ ሻዩ ትን አለው። እኔ ፈገግ ማለት አቃተኝ፣ እሷም ፊቴን ስታይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ስማኝ ጋሼ ፍሬን። ልጅቷ የወደቀችው ሥጋ ስለተወች አይደለም። ባዶ ሆዷን ስለወጣች ነው። ሥጋ በሊታውም ባዶ ሆዱን ከወጣ ይወድቃል። እዚህ ከሚያልፈው ሰው ግማሹ በሻይ ብቻ ነው የሚሄደው። አንተ ራስህ መቼ ነው ቤትህ ቁርስ የበላኸው?»

ሻይዋን ጠጣሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ሰው ላይ ከመጫኔ በፊት በራሴ ልሞክረው ብዬ በማግስቱ ጀመርኩ። ደንቡን እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ ሥጋ የሌለው፣ ጠዋት ኩሽና የማያስገባ፣ ከክፍልሽ ሳትወጪ የሚበላ። አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ።

አጃ። ማታ ክዳን ያለው ብርጭቆ ውስጥ አጃውን አድርጊና ወተት አፍስሺበት፣ ዘቢብ ጣል አድርጊበት፣ ክደኚው። ጠዋት የሚያስፈልግሽ ማንኪያ ብቻ ነው። ከሁሉም የያዘኝ ይሄ ነው፣ እስከ ምሳ ድረስ ሆዴ ስሜን አልጠራም። ወተትም ከተውሽ በአኩሪ አተር ወተት ይሆናል ብላኛለች የሻይ ቤቷ ሴትዮ።

ዳቦና የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ላዩ ላይ ሙዝ ተከትፎ። እውነተኛ ሙዝ።

አቮካዶ በዳቦ፣ ሎሚ ጠብ አድርገሽበት። ይሄን ግን ማታ አታዘጋጂው። እኔ ማታ አዘጋጅቼው ጠዋት የግሪስ ቆርቆሮ መስሎ ጠበቀኝ። በላሁት፣ ግን አልመክርሽም።

ሽምብራ፣ የተቀቀለ፣ ከቲማቲም ከዘይትና ከጨው ጋር። ሳላዘፈዝፈው ቀቅዬ ጥርሴ ሊወልቅ ነበር። አዘፍዝፊው። ለሁለት ቀን የሚሆን በአንዴ ቀቅለሽ ብታስቀምጪ ይበቃሻል።

የተረፈ ምስር ዳቦ መሃል። ይሄንን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ጥድፊያ ግማሹን ነጠቀኝ። «ሥጋው የታለ?» ያለኝ በልቶ ጣቱን ከጠረገ በኋላ ነው።

እንቁላል ማታ ቀቅሎ ማሳደርም አለ፣ ግን እንቁላል ትበያለሽ ወይስ እሱም ቀርቷል? አየሽ፣ ይሄን እንኳ አልጠየቅኩሽም። ስጨቀጭቅሽ ከርሜ የምትበይውን አላውቅም።

ክዳን ያለውን ብርጭቆ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አያፈስም። ውኃ ሞልቼ ጥድፊያ አውቶቡስ ውስጥ ገልብጬ ሰቀልኩትና ቀኑን ሙሉ ሲያንገጫግጨው ዋለ፣ ጠብ አላለም። ጥድፊያ የነዳውን የተቋቋመ ብርጭቆ ቦርሳሽ ውስጥ ምንም አይሆንም።

እንግዲህ አራተኛው።

እናትሽም መጀመሪያ የተወችው ቁርስ ነበር። ትንሽ ስለነበርሽ አታስታውሺው ይሆናል። ሳህኗን ገፋ ታደርግና «ትንሽ ቆይቼ እበላለሁ» ትላለች። ሥራ ቦታ ሰው ይጠብቃት ነበር፣ እኔንም አውቶቡስ ይጠብቀኝ ነበር፣ ሁላችንም እንወጣ ነበር። ሐኪም ቤት የሄድነው ማዞር ሲጀምራት ነው፣ ያኔ ደግሞ ነገሩ ሩቅ ሄዶ ነበር። አንቺን ተመሳሳይ ነገር ይዞሻል አላልኩም። ሽታው ይሆናል፣ እንቅልፉ ይሆናል፣ ሻይ ቤቷ ሴትዮ እንዳለችው ባዶ ሆድ ብቻ ይሆናል። ግን አንቺም የእሷን ፊት ነው የያዝሽው፣ ባለፈው በቪዲዮ ሳይሽ ደግሞ ጉንጬ ያልኩሽ ጉንጭሽ የለም። መብራት ጠፍቶብሽ ነው መሰለኝ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንዱ፣ አብራሽ ያለችውን ልጅ ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ደምሽን ይዩልሽ። ተንሸራተትኩ አትበያቸው። አዞረኝ በያቸው።

ሌላው እንዲህ ነው። ከእንግዲህ ፎቶ አትላኪልኝ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ደውይልኝና ስልኩን ከአንድ ነገር ጋር አስደግፊው፣ እኔም የኔን ከስኳሩ ቆርቆሮ ጋር አስደግፈዋለሁ፣ እንብላ። ማውራት የለብንም። ጠዋት ወሬ እንደማትወጂ አውቃለሁ። የማንኪያሽን ድምፅ ብቻ ልስማ። የማትችይበት ቀን ከሆነ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ እሱንም አሳዪኝ። ያልተበላ ሳህን ያስጨንቀኝ ይሆናል እንጂ አያስፈራኝም። ያስፈራኝ ያ ያማረው ፎቶ ነው።

ይሄ ወረቀት መቼ እንደሚደርስሽ አላውቅም። ከነገ ጀምሮ ግን በየጠዋቱ አጃዬን አቅርቤ፣ ስልኬን አስደግፌ፣ ትንሽ እጠብቅሻለሁ። ካልደወልሽ ወረቀቱ ገና መንገድ ላይ ነው እላለሁ።

እግርሽ ደረጃውን ይርገጥ፣ ደረጃው አንቺን አያግኝሽ። የቀመስሽው ሁሉ ይስማማሽ፣ ደም ይሁንሽ፣ ጉንጭሽን ይመልስልሽ። የሚስቁብሽ ጥርሳቸው ይብዛ፣ ከሳቅ ሌላ ክፉ አያስቡብሽ። አብራሽ ያለችውንም ልጅ ያኑርልኝ።

እዚህ ቤት ምግብ ሲቀርብ የምትለምነን እናትሽ ነበረች። አንቺ አፍሽን ገጥመሽ ስታስቸግሪያት አንዲት ቃል ነበረቻት፣ እሷን ካለች እምቢ የሚል አልነበረም። እሷ ከሄደች ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ ያቺን ቃል ማንም አልተናገራትም፣ እኔም ምላሴ ላይ ስትመጣ እውጣታለሁ። ዛሬ ግን ሌላ የምልሽ ጨርሻለሁ።

ብዪልኝ፣ ጉንጬ። በሞቴ።

አባትሽ